ጭንቅላቱ የሚበራው ሰውዬ

ከመተማ ዮሐንስ ወደ ገንዳ ውሃ የሚወጣው መንገድ መኪና ካሳለፈ ሳምንታት ሆኖት ነበር። በሌላው በኩል ድልድዩ አለ። ከድልድዩ ማዶ የሱዳኗ ገላባት ትታየኛለች፣ የገላባት ውሻ ሲጮኽ እሰማለሁ፣ መሻገር ግን የለም። ከተማችን ድሮም ሁለት አፍ ያለው ጆንያ ናት፤ በአንዱ እናስገባለን፣ በሌላው እናስወጣለን። ያን ሰሞን ሁለቱም አፎች ታሰሩና ውስጥ የነበርነው እንደ ሰሊጥ ተቋጥረን ቀረን።

እኔ የምነግደው የመብራት ዕቃ ነው፤ ጄኔሬተር፣ የፀሐይ መብራት፣ ኢንቨርተር፣ አምፖል፣ ገመድ። መብራት በጠፋበት ከተማ የመብራት ዕቃ ይሸጣል ብሎ የሚያስብ ነግዶ የማያውቅ ሰው ነው። ጄኔሬተር ነዳጅ ይፈልጋል፣ ነዳጅ መንገድ ይፈልጋል። ቤተሰቤ ጎንደር ነው። ኔትወርክ ብቅ ሲል ባለቤቴ ትደውልና «መቼ ነው የምትመጣ?» ትለኛለች። «መንገዱ ሲከፈት» እላለሁ። ከዚያ ኔትወርኩ ይሄዳል።

ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ሱቄን እከፍታለሁ። ከጄኔሬተሮቹ ላይ አቧራ እጠርጋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ያው አቧራ ተመልሶ ይመጣል። ኬላ ሳያስቆመው የሚገባና የሚወጣ እሱ ብቻ ነበር።

በዚህ ላይ የሠፈራችን የጉድጓድ ውሃ ሞተር ተቃጠለ። ሰው በገመድና በባልዲ መቅዳት ጀመረ፤ ወረፋው ከመስጊዱ አጥር እስከ ወፍጮ ቤቱ ደረሰ። የሠፈሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው አንድ ሐሳብ አመጡ። እያንዳንዱ ቤት አንድ ዕቃ ይስጥ፣ ቅዳሜ በጨረታ ይሸጥ፣ ገንዘቡ ይቀመጥ፣ መንገድ ሲከፈት ሞተር ከጎንደር ይመጣል። የሐሳቡ ባለቤቶች ሁለት ነበሩ። አንደኛው በሰሊጥ ንግድ ያረጁት ሐጂ ናቸው፣ ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ፤ እኛ አባ የምንላቸው። ሁለቱ በየቀኑ አብረው ሻይ ይጠጣሉ፣ በየቀኑም ይነታረካሉ።

«ዕቃ ገማች ያስፈልገናል» አሉ ሐጂ፣ ሱቄ ድረስ መጥተው። «ምን እንደሆነ ለሕዝቡ የሚናገር፣ መነሻውን የሚያስቀምጥ። አንተ ሁን።»

«እሺ፣ ሐጂ።»

«ግን አትጫረትም።»

«ለምን አልጫረትም?»

«ገማችም ገዥም ከሆንክ ቅዳሜ ማታ የሠፈሩ ዕቃ ሁሉ አንተ ሱቅ ይገኛል» አሉ። አባ ከኋላቸው ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱ ያለ ንትርክ ሲስማሙ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

የጨረታውን ወግ ለማያውቅ ልንገር። በክብረ በዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን የስለት ዕቃ እንደሚሸጥበት ነው፤ እኛም ሙስሊሞቹ ከጎረቤት ለምደነዋል። ጠሪው ዕቃውን ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ሰው ይጨምራል። ያሸነፈው ሰው ከፈለገ «መልሼ ሰጥቻለሁ» ይላል፤ ያው ዕቃ እንደገና ይሸጣል። አንድ ጃንጥላ አራት ጊዜ ሲሸጥ አይቻለሁ። የሰጪው ስም አይጠየቅም። የዕቃው ስም ግን መታወቅ አለበት። ማንም ዋጋ ያልጠራለት ዕቃ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ ጨረታው ሲያልቅ ሰጪው ራሱ መጥቶ ይወስደዋል። ስሙን ማንም አይጠይቀውም፣ ሁሉም ግን ያየዋል።

ከግቢዬ በስተጀርባ ባለችው ክፍል አንድ አሮጊት ይኖራሉ። ሐቦባ ነው የምንላቸው፤ በሱዳን አፍ አያት ማለት ነው። የተወለዱት እዚሁ ቆላ፣ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነው። በልጅነታቸው ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተሻግረው፣ አግብተው፣ ባል ቀብረው፣ ስልሳ ዓመት ኖረዋል። ማዶ ጦርነቱ ሲመጣ በእግራቸው ተመለሱ። አገራቸው ገቡ ማለት ነው። ሠፈሩ ግን «ሱዳኗ» አላቸው። ማዶ ደግሞ ስልሳ ዓመት ሙሉ «ሐበሻዋ» ነበሩ።

ሞተሩ በተቃጠለ ማግስት ወረፋ ላይ ቆመን ሳለ አንዲት ጎረቤት፣ ድምፅዋን ብዙም ሳትቀንስ፣ «እነሱ ከመጡ ወዲህ ነው ጉድጓዱም ሞተሩም የደከመው» አለች። ሐቦባ ጀሪካናቸውን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ። ወረፋቸው ሲደርስ አልቀዱም፤ ባዶውን ጀሪካን ይዘው ወደ ቤት ሄዱ።

በነጋታው ጠሩኝ። ክፍላቸው ውስጥ አልጋ፣ ምንጣፍና አንድ ብርድ ልብስ የተጠቀለለበት ነገር አለ። ጥቅሉን ፈቱት።

«ይኸን ለቅዳሜ ውሰድልኝ፣ ያ ወለዴ፣ ልጄ። የኔ መሆኑን ለማንም አትንገር።»

ክንድ ከስንዝር የሚሆን፣ ከነሐስ የተሠራ ሰው ነው። ሰው ልበለው እንጂ ፊት የለውም። በጭንቅላቱ ፈንታ እንደ ድስት የከበበ ነገር ትከሻው ላይ ተቀምጧል፤ በብሎን ታስሯል። ድስቱ ላይ ሦስት ክብ መስኮቶች አሉ፣ ወፍራም መስታወት ያላቸው፣ በቀጭን ሽቦ የታጠሩ። ከማጅራቱ ቱቦ ወጥቶ በጀርባው ይወርዳል። ልብሱ ጉልበቱ ላይ ተሸብሽቧል። ደረቱ ላይ ከባድ ጠፍጣፋ ነገር ተንጠልጥሏል፣ ወገቡ ላይ ቢላዋ፣ በግራ እጁ የተጠቀለለ ገመድ። ጫማው የከብት ኮቴ ያህል ይወፍራል። የቆመው ዐለት ላይ ነው፤ ዐለቱ ላይ አምስት ጣት ያላት ኮከብ ተለጥፋለች። ከተረከዙ በጨርቅ የተሸፈነ የድሮ የኤሌክትሪክ ገመድ ይወጣል።

«ምንድነው ይኸ?»

«መብራት ነው።»

«መብራትነቱንማ ገመዱ ነገረኝ። ሰውዬው ማነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና የአንድ ፈረንጅ ቤት ጠባቂ ነበር። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ በመጨረሻው ደሞዝ ፈንታ ይኸን ሰጠው። አቡ ራስ ብለን ጠራነው፣ የራስ አባት። አርባ ዓመት ግድም አብሮን ኖረ፤ ማን ነህ ብለን አልጠየቅነውም።»

«ድስቱን፣ ትሪውን ትተው ይኸን ተሸክመው መጡ?»

«ድስቱንም ትሪውንም ይዤ ነበር። በየኬላው የሚያምራቸውን እያነሡ ወሰዱ። እሱን ያማረው አልተገኘም።» ብርድ ልብሱን አጣጠፉት። «ከዚህ ሌላ የምሰጠው የለኝም። ከተሸጠልኝ ወረፋዬ ላይ ቆሜ እቀዳለሁ። ካልተሸጠ ግን ፊታቸው ሄጄ ከጠረጴዛ ሥር ማውጣት አልችልም። ከዚያ ወዲያ ውሃቸውን አልጠጣም።»

ሴትዮዋ በዚህ ዕድሜያቸው በዚህ ሙቀት ውሃ አልጠጣም ሲሉ ዝም ብለው አልነበረም። ሠፈሩን ትተው ወደየት ሊሄዱ? ማዶ ጦርነት፣ ወደ ላይ መንገድ የለም። እኔም ተሸከምኩት። ይከብዳል። ነጋዴ ዕቃ ሲከብደው ደስ ይለዋል፤ ይኸ ግን አላለኝም።

ሱቄ ወስጄ ፈታሁት። የአምፖሉ መያዣ እንደኛ አገር የሚጠመዘዝ አልነበረም፤ ገፍተህ የምትቆልፈው ዓይነት ነው፣ ማዶ የሚሠሩበት። ከዚያ ዓይነት አምፖል ሳጥን ሙሉ አለኝ። የበሰበሰውን ሶኬት ቆርጬ፣ ገመዱን ኢንቨርተር ላይ አሰርኩ። በቀትር፣ በሩን ገርበብ አድርጌ አበራሁት። ሦስቱም መስኮቶች በሩ። ፊት የሌለው ጭንቅላት ከውስጥ ሲበራ ሰው የሚያይህ ይመስላል። ቶሎ አጠፋሁት።

ሐጂና አባ ሊያዩ መጡ።

«ጂን ነው» አሉ ሐጂ። «በድስት የታሸገ።»

«ጂን ጫማ ያደርጋል?» አሉ አባ። «ይኸስ የጠንቋይ ዕቃ ነው። ኮከቢቱን አታይም?»

«ጠንቋይ ከመቼ ወዲህ ነው በኤሌክትሪክ የሚሠራ?»

ተነታረኩ፣ ተነታረኩና እንደገና ተስማሙ። ስሙ ያልታወቀ ምስል ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። እስከ ዓርብ ምን እንደሆነ ካልተናገርኩ ለሰጪው ይመለስ። ሐጂ ሲወጡ ዞር ብለው፣ «ሰጪው ማነው?» አሉኝ።

«የሰጪ ስም አይጠየቅም ብላችኋል።»

«እሱስ ነው» አሉ፣ ቅር እያላቸው።

ለሰው ማሳየት ጀመርኩ። ያን ሰሞን ሥራ ያለው ሰው ስላልነበረ ሱቄ ሞላ። ከጎኔ ያለው በያጅ ገና ከበር ሳለ፣ «በያጅ ነው። ጭምብሉን አታይም?» አለ። ከገጠር የመጣ ንብ አናቢ ንብ አናቢ ነው አለ። አንድ ፖሊስ ፈንጂ አምካኝ ነው አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ያያል፤ ለእኔ ግን ነጋዴ አልመሰለኝም፤ ጀርባው ቀጥ ያለ ነው።

በመጨረሻ የመጣው ባለ እርሻው ነው። ወደ ወንዙ ግድም ሰፊ የሰሊጥ መሬት አለው፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ የፀረ-አረም መድኃኒት ይሸጣል። ጎንበስ ብሎ ቱቦውን በጣቱ ተከተለ።

«ይኸማ የኔ ሰው ነው» አለ። «ኬሚካል ረጪ።»

ሰው ሁሉ ተጠግቶ አየ። እውነትም! ጭምብል አለው፣ የጀርባ ቱቦ አለው፣ ወፍራም ጫማ አለው። በሰኔ በየሰሊጡ ማሳ ውስጥ የምናየው ሰው ነው፣ ትንሽ ያማረበት። ባለ እርሻው፣ «ሱቄ መስኮት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ቅዳሜ ማንም አይቀድመኝም» አለ። እኔም በዚያች ቅጽበት አመንኩ። ገዥ ያለው እውነት ቶሎ ይታመናል።

ዓርብ ጠዋት ለሐጂና ለአባ፣ በተሰበሰበው ሰው ፊት አስረዳሁ። የውጭ አገር የመድኃኒት ፋብሪካ ለጎበዝ ገበሬዎች የሸለመው ነው አልኩ።

«ኮከቧስ?» አሉ አባ።

«የፋብሪካው ምልክት ናት።»

«ቢላዋውስ?»

«በነሱ አገር ማሳ ውስጥ ምን እንደሚገጥማቸው ማን ያውቃል?»

ሐጂ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «በአላህ ነው የምትል?»

«እንደማየው ነው የምናገር፣ ሐጂ።» ነጋዴ ከማለ ዋጋ ሊጨምር ነው፤ ስለዚህ አልምልም። ተቀበሉ። ለሐቦባ ነገርኳቸው፤ ጀሪካናቸውን አጥበው በር ላይ ሲያስቀምጡ አየሁ።

ያው ዓርብ ከቀትር በኋላ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ስልኩን ሊሞላ መጣ። ለዓመታት የፖርት ሱዳንን መንገድ የነዳ ሰው ነው። መኪናው ጉምሩክ ግቢ ውስጥ ከነጭነቱ ቆሞ፣ እሱም ሥሩ ምንጣፍ አንጥፎ ይኖራል። ስልኩን ሰክቶ ዞር ሲል ሰውዬውን አየው። መሳቅ ጀመረ።

«ገጣሱ! አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው፣ ነሐሱን።

«ምን አልከው?»

«ገጣስ ነዋ። ጠላቂ። ባሕር ውስጥ የሚገባ። ወደቡ ላይ መርከብ ከሥር ሲበላሽ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። የዛሬዎቹ ቀላል ልብስ ነው ያላቸው፤ የድሮዎቹ እንዲህ ነበሩ፣ የወደቡ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ፎቷቸው ተሰቅሏል። ይኸ ጫማ እርሳስ ነው፣ እንዲያሰጥመው። ደረቱ ላይ ያለውም እርሳስ ነው። በቱቦው ከላይ አየር ይልኩለታል።» ጣቱን ኮከቧ ላይ አደረገ። «ይች ደግሞ የባሕር እንስሳ ናት። በልተዋታል ሲሉ ግን አልሰማሁም።»

አንድ በአንድ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ቢላዋው፣ ገመዱ፣ ዐለቱ። ሹፌሩ ሲናገር ያ ፋብሪካ፣ ያ ጎበዝ ገበሬ፣ ያ ሽልማት ከፊቴ እንደ ጭስ ሄዱ።

«ለማን ተናገርክ?» አልኩት።

«ለማን እናገራለሁ? ነገ ጨረታው ላይ እመጣለሁ ግን። ሌላ የምሄድበት የለኝ።»

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ማመን አለብኝ። መንገድ ክፍት ሲሆን ትንሽ ማጋነን ዕቃውን ተከትላ ትሄዳለች፤ ወይ ጎንደር ትገባለች፣ ወይ ገዳሪፍ፤ እዚያ ደርሳ የራሷን ኑሮ ትኖራለች። መንገድ ሲዘጋ ግን ውሸት የምትሄድበት የላትም። ጠዋት ሻይ ቤት ስትገባ ከፊትህ ተቀምጣ ታገኛታለህ። ሐጂ ሻይ የሚጠጡት እዚያው ነው፣ ባለ እርሻውም፣ ሹፌሩም። እውነቱን ብናገር ባለ እርሻው ይተወዋል፤ ባሕር አይቶ በማያውቅ ከተማ ለባሕር ሰው ማን ዋጋ ይጠራል? ዕቃው ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ዝም ብል ይሸጣል፣ እኔ ግን ከነሹፌሩ እዚሁ ታስሬ እኖራለሁ። ሁለቱን ሳወጣና ሳወርድ ዋልኩና ወደ ሐቦባ ሄድኩ።

ነገርኳቸው።

«ውሃ ውስጥ ነው የሚኖር?»

«ይገባል፣ ሠርቶ ይወጣል።»

«እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ውሃ እንዳይነካው ስጠነቀቅ» አሉ። ትንሽ ሣቁ። ከዚያ ሣቁ ቆመ። «አንተ ግን ረጪ ነው ብለሃቸዋል።»

«ብያለሁ። ረጪ ሆኖ ይሸጥልዎ፣ ሐቦባ። ባለ እርሻው ቃል ገብቷል። ነገሩ በአንድ ቀን ያልቃል።»

«አይሆንም።»

«ጠረጴዛ ሥር ሊገባ ይችላል እኮ። ተነሥተው ሊወስዱ ነው?»

«ስማኝ፣ ያ ወለዴ። እኔ የሰጠሁት ይኸን ነው፣ ገጣሱን። አንተ ያወራኸውን ረጪ ከሸጥክ የሰጠኸው አንተ ነህ፤ እኔ አልሰጠሁም። የማንም ባለዕዳ አይደለሁም ማለት የምችል በምኑ ነው እንግዲያ? ኸላስ፣ አለቀ።»

በመንገዴ ሐጂን ቤታቸው በር ላይ አገኘኋቸውና ተሳስቻለሁ አልኳቸው። ዝርዝሩን ሊሰሙኝ አልፈለጉም። «ሰው ፊት የተናገርከውን ሰው ፊት መልሰው» ብለው በራቸውን ዘጉ።

ቅዳሜ በወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ጠረጴዛው ተዘረጋ። ሐቦባ ከሴቶቹ ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ቶባቸውን፣ ያን የሱዳን ሴቶች ነጠላ፣ እስከ አፋቸው ስበው ተቀምጠዋል። ጠሪው አባ ናቸው፤ እንደሳቸው ዋጋ የሚያስጨምር የለም። ትሪዎቹ ሄዱ፣ አንድ የሬዲዮ ሳጥን ሄደ፣ አንድ አውራ ዶሮ «መልሼ ሰጥቻለሁ» እየተባለ ሦስት ጊዜ ተሸጦ በመጨረሻ አመለጠ። ከዚያ አባ ሰውዬውን በሁለት እጃቸው አነሡት።

«ገማች፣ ንገር።»

ተነሣሁ። «ትናንት ኬሚካል ረጪ ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ፋብሪካውም፣ ሽልማቱም፣ የኮከቧም ምልክትነት ከራሴ ነው። ይኸ ሰው ባሕር ጠላቂ ነው።» ከዚያ ሹፌሩ የነገረኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ እርሳሱን፣ ቱቦውን፣ መርከቡን። እየተናገርኩ የባለ እርሻውን ፊት አያለሁ። እንደ ጨለመ ማሳ ሆነ።

«ባሕር?» አለ። «እኔ ያለኝ ሰሊጥ ነው። ባሕር የለኝም።» ሰው ሣቀ። «ለራስህ ግዛው፣ ትረጭበታለህ» አለኝ ከኋላ አንዱ።

«መነሻ ዋጋ የሚጠራ» አሉ አባ።

ዝም።

«ሁለተኛ እላለሁ። የሚጠራ።»

ልጠራ አልችልም፤ ገማች አይጫረትም። ሕጉ የወጣው ለእኔ ነው፣ እኔኑ ያዘኝ። ወደ ሐቦባ ላለማየት ወደ ጠረጴዛው ሥር አየሁ። አንድ የተሰበረ ማራገቢያ ተኝቶበታል፤ ከጎኑ ቦታ አለ።

«ሦስተኛ…»

«ቆይ አባ» አለ አንድ ድምፅ። ጉድጓድ ቆፋሪው ነው፣ የሠፈሩን ጉድጓድ ከነጓደኞቹ የቆፈረው ሰው። ወደ ሹፌሩ ዞረ። «አየሩን የሚልክለት ማነው?»

«ላይ ጀልባ ላይ ያሉት። በእጅ የሚዞር መንፊያ አላቸው።»

«ቢደክማቸውስ?»

«ይቀያየራሉ።»

«ወሬ ይዘው ቢዘነጉትስ?»

«ይሞታላ።»

«እንዴት አድርጎ ነው የሚጠራቸው?»

«በገመዱ። ደጋግሞ ሲጎትት አውጡኝ ማለት ነው።»

ቆፋሪው ጠረጴዛው ጋ መጥቶ ገመድ የያዘውን የነሐስ እጅ አየው። ባለፈው በጋ አንድ ጓደኛው ከእርሻ ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ ወጥቷል፤ ከታች አየር አልቆበት። ይኸን ሁላችንም እናውቃለን። «እኛም ገመድ ነው ያለን» አለ። «እሱም ጎትቶ ነበር። ላይ ያለነው ንፋስ መሰለን።»

ቆፋሪው ወደ አባ ቀና አለ። «ብር የለኝም። አዲስ ሞተር ከመግባቱ በፊት ጉድጓዱ መጠረግ አለበት። እኔና ጓደኞቼ ወርደን እንጠርጋለን። ዋጋዬ እሱ ነው።»

«ጉልበት ዋጋ ይሆናል?» አሉ አባ ወደ ሐጂ።

«በዚህ ሰሞን ብር ምን ይገዛል?» አሉ ሐጂ። «ይሆናል። ጨምሩ እንግዲህ። ቆፋሪው ነፍሱን አስይዞ ሊወርድ ነው፤ ባለ ሰሊጦቹ ዝም ብላችኋል። አንተ፣ ባሕር የለህም ብለሃል። ሌላስ ምንም የለህም?»

ባለ እርሻው ዙሪያውን አየ። እዚያ ከቆሙት ግማሾቹ ማሳው ላይ የሚሠሩለት ናቸው። ጉሮሮውን ጠረገ። «እርሻዬ ላይ የቆመ የውሃ ሞተር አለኝ» አለ። «እሱን ብያለሁ።»

ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ሞተሩን አውቀዋለሁ፤ የሸጥኩለት እኔ ነኝ፣ ያኔም አርጅቶ ነበር። በአፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት፤ የተጠራሁት ሰውዬውን እንድገምት እንጂ ሞተሩን አይደለም።

«ሄደ!» አሉ አባ። ባለ እርሻው ሰውዬውን በእጁ መዘን መዘን አደረገና፣ «መልሼ ሰጥቻለሁ» አለ። ቆፋሪው ያንኑ የጉድጓድ ጠረጋውን ደግሞ ጠራ። በላዩ የጨመረ አልተገኘም። ነሐሱን እንደ ሕፃን ታቅፎት ሄደ። ዞር ስል ሐቦባ የተቀመጡበት ግድግዳ ጥግ ማንም አልነበረም።

በሳምንቱ ጉድጓዱ ተጠረገ፣ ሞተሩ ገባ፣ ሹፌሩ ከቆመው መኪናው ሳልባትዮ ናፍጣ ቀዳልን። ሞተሩ ተነሣ። ያጨሳል፣ ያስላል፣ አሥር ጀሪካን ቀድቶ ይቆማል። ማን ያስነሣዋል? የሸጠው ሰው። ጠዋት ጠዋት ሱቄን ትቼ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኬ እውላለሁ። መለዋወጫ የለም፤ መንገዱ እንደሆነ እንደተዘጋ ነው።

አንድ ማለዳ ሞተሩ እንደልማዱ ተንተክትኮ ሲቆም ወረፋ ላይ ሐቦባ ነበሩ። ጀሪካናቸው ግማሽ ድረስ ሞልቷል። መጥተው ከራሴ በላይ ቆሙ።

«ይኸ ነው ሞተር?»

«አርጅቷል፣ ሐቦባ።»

«ማርጀቱንማ እኔም አርጅቻለሁ፤ እንዲህ አልንተከተክም። ገጣሴን የሰጠሁ ለዚህ ነው?»

ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር። ሰጪው እሳቸው መሆናቸውን ወረፋው ሁሉ ሰማ። ያለዝግጅት የወጣ ቃል ነበርና እሳቸውም እንደማፈር አሉ፤ ጀሪካናቸውን አነሡ። ያች «እነሱ» ያለችው ጎረቤት ከፊታቸው ነበረች። ሐቦባን አየች፣ መሬት አየች፣ ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«እውነታቸውን ነው» አለችኝ። «ሰው ያለውን ሰጥቶ፣ አንተ ይኸን ጭስ ታጠጣናለህ? በል ሥራው።»

«አጥብቀህ ሥራው» አሉ ሐቦባ፤ ጀሪካናቸውን መልሰው ቧንቧው ሥር አስቀመጡና እስኪሞላ ሊጠብቁ ቆሙ።

«እሺ» አልኩ። የት እሄዳለሁ?